እንደ ትእዛዝዎ

ድሬዳዋ፣ ኅዳር 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጫላቸው ሚስት፣ ለእንቁ

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። ጤንነቴን ጠይቀሻል፤ ደህና ነኝ። በወረቀት በመጻፌ ደግሞ አትገረሚ። የስልክ ቁጥርሽን ከዘጋሁት አራት ዓመቱ ነው፤ ልከፍተውም አላሰብኩም። በስልክ ታለቅሻለሽ፤ አልቅሰሽ ስትጨርሺ የተባልሽውን ትረሺዋለሽ። ወረቀት ግን ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ከይረዲን በየሳምንቱ የጭነት መኪናውን ይዞ ጅቡቲ ወደብ ይወርዳል። የእኔን ያደርስልሻል፣ ያንቺን ያመጣልኛል።

እማዬን ለሁለት ወር ወደ እናንተ የላክኋት ቤቱ ስለሚታደስ እንጂ እናንተ ዘንድ ስለሚሻላት አይደለም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስኳሯን የያዝኩት እኔ ነኝ። መድኃኒት ቤት ቆሜ ስውል የማስተናግደው እግሩ የተቆረጠውን፣ ዓይኑ የጠፋውን ነው። አብዛኞቹ መቼ እንደተበላሹ ታውቂያለሽ? በበዓል ሰሞን። «ለአንድ ቀን ምን አለበት» እያሉ። እናንተ አገር ደግሞ አንድ ቀን አይደለም፤ የፈረንጆቹ ኖኤል አለ፣ አዲስ ዓመታቸው አለ፣ ገና አለ፣ ጥምቀት አለ። በአራት በዓል እናቴን ጨርሳችሁ እንድትመልሱልኝ አልፈልግም።

ዳቦ የለም፤ በተለይ ያ ረጅሙ የፈረንሳይ ዳቦ። በስኳር የሚፈላው የሶማሌዎቹ ሻሂ የለም። ቴምር፣ ሳምቡሳ፣ ለስላሳ በደጃፏ እንዳያልፍ። ክኒኑ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ነው። ልጹም ማለቷን ጽፈሽልኛል፤ ትጹም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሆዷ ባዶ መሆኑ ለስኳሯ ደግ ነው። ፀሐይ ሲበርድ ግማሽ ሰዓት ታራምጃታለሽ። ውሃ በብዛት ትጠጣ፣ እንቅልፏን በጊዜ ትተኛ። ንትርክ አይኑር፤ ብስጭትም ስኳር ያወጣል።

አንቺ ወንድሜን ከማግባትሽ በፊት ሄሮን ሰፈር፣ ፈረንሳዮች ቤት ገብተሽ ታገለግዪ ነበር። አሁንም እስከ ቀትር እዚያው እንደሆንሽ ሰምቻለሁ። የማዳምን ትእዛዝ ለምን ብለሽ አትጠይቂም አይደል? የእኔንም እንደዚያው። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ፣ አታስቢ። ማሰቡን እኔ ጨርሼዋለሁ።

ጫላቸውን ሳሚልኝ።

ሰብለወርቅ


ጅቡቲ፣ ካርቲየ 7 ቢስ ሰፈር፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሰብለወርቅ

ከእግዚአብሔር ሰላምታ ጋር እንደምን ሰነበቱ? መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ከይረዲን ወደብ በር ላይ ሰልፍ ይዞ አራት ቀን ቆሞ ነበር።

ስለ እማማ እንቅልፍ ላሳሰቡኝ፣ በጊዜ ይተኛሉ። አሁን የዚህ አገር ሙቀት ስለቀለለ አይጨነቁም። ከሥራ ስመለስ ትንሽ አርፌ በየቀኑ አወጣቸዋለሁ። እስከ መስጊዱ ድረስ ሄደን እንመለሳለን። ጎረቤቶቹ በሶማልኛ ሰላም ይሏቸዋል፣ እሳቸው በአማርኛ ይመልሳሉ፣ ሳይግባቡ ይሳሳቃሉ። ከእኔ ጋር ሲሆኑ ብቻ ነው የሚዘጋቸው። ምግቡን ስሰጣቸው «የገረድ እጅ ጨው አያውቅም» ይላሉ። አልቀየምም፤ አዛውንት ናቸው። የሚበሉትን ዘግቤ መያዜን ግን አላቋረጥኩም፤ ዳቦም ሻሂም አልቀመሱም።

አንድ ነገር አስፈርቶኛል። ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያሰምጣቸዋል፣ ወሬያቸው ይቀላቀላል። አንድ ቀን እኔን በሟቹ አባታችሁ ስም ጠሩኝ። ጾማቸውን ፈትተው ትንሽ ሲቀምሱ ይተዋቸዋል። ጎረቤቴ ቦንቱ ክሊኒክ ውስጥ የነርስ ረዳት ናት። ክኒኑ በባዶ ሆድ አይዋጥም፣ ወይ ጾሙ ይቅር ወይ ክኒኑ ይቀነስ አለችኝ። እኔ በራሴ አልነካሁትም። ምን ላድርግ? የስኳር መለኪያውንም ቢልኩልኝ እየለካሁ እጽፍልዎታለሁ።

የቤቱ እድሳትስ እንዴት ሆነልዎት?

አክባሪዎ እንቁ


ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

እንቁ፣

ቤቱ እየታደሰ ነው። ሁለተኛ ስለ ቤቱ አትጠይቂኝ።

እናቴን አርባ አንድ ዓመት አውቃታለሁ። መንቀጥቀጡን እኔም ዘንድ ጀምራው ነበር፤ ብስኩት በጎረቤት ልጆች ስታስገዛ ደርሼባት ከከለከልኳት ቀን ጀምሮ። ትንቀጠቀጣለች፣ ያልባታል፣ ዓይኗን ታንከራትታለች። ጨክኜ ፊቴን ሳዞርባት ይተዋታል። ትወና ነው። ጣፋጭ የለመደ ሰው ከጫት ሱሰኛ አይለይም፤ ሲቀርበት መላ ሰውነቱ ይለምንለታል። አንቺ ሆድሽ ቶሎ የሚባባ ሰው ነሽ፤ አውቃብሻለች።

ቦንቱ ማን ናት? አልጋ የምታነጥፍ ሴት ለእኔ መድኃኒት ልታዝልኝ ነው? መለኪያውንም አልልክም። አምና የላክሁልሽን የደም ግፊት መለኪያ ምን አድርገሽ እንደሰበርሽው አልረሳሁም።

እንዲያውም ከኖኤል እስከ ጥምቀት ድረስ ክኒኑን ሁለት ሁለት አድርጊው። ጎረቤት በጓሮ የሚያቀምሳት ነገር አይጠፋም፤ ለዚያ መከላከያ ይሆናል። ጥር ላይ እናቴ በሁለት እግሯ ቆማ እንድትመጣልኝ እፈልጋለሁ። ምክንያቱን ማወቅ አያስፈልግሽም።

«የገረድ እጅ» አሉኝ ብለሽ ጽፈሻል። ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? ዋሸች?

ሰብለወርቅ


ጅቡቲ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሰብለወርቅ

እንደምን ከረሙ? ኖኤልን በደህና ስላልዋልን ነው በዚህ ፍጥነት የምጽፈው። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ቢሰሙት ይሻላል ብዬ ነው።

ትናንት ማዳም እንግዳ ስለነበራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሄሮን ዋልኩ። ቤት ስደርስ በሩ ክፍት ነው። እማማ መሬት ላይ ተዘርግተዋል፤ ነጠላቸው ከላብ የተነሣ ሰውነታቸው ላይ ተለጥፏል። ቦንቱ ጭንቅላታቸውን ጭኗ ላይ አድርጋ ቴምር በጣቷ እየፈተፈተች ታጎርሳቸዋለች። «ሲወድቁ ሰምቼ ነው የገባሁት፤ አትቆጪኝ» አለችኝ። ሦስት ቴምር ነው የበሉት። ውሃ እስኪፈላ ያህል እንኳ አልቆየም፤ ቁጭ ብለው «የት ነው ስትዞሪ የዋልሽው አንቺ?» ብለው ጮኹብኝ። በሕይወቴ ቁጣ ደስ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ቦንቱ ከቤት ሳትወጣ እጄን ይዛ የነገረችኝን ቃል በቃል እጽፍልዎታለሁ። «የሚገድለው ከፍ ያለ ስኳር ብቻ አይደለም። ዝቅ ያለው ይፈጥናል። ላቡንና መንቀጥቀጡን ካየሽ ያገኘሽውን ጣፋጭ አፋቸው ውስጥ ጨምሪ። ሐኪም አትጠብቂ፣ ደብዳቤም አትጠብቂ።»

እኔ ግን ያለ እርስዎ ፈቃድ መስጠት አልፈልግም። በኋላ እንቁ በራሷ ነው ያደረገችው እንዳይባል፣ «ሲንቀጠቀጡ ስኳር ስጪያቸው» የሚል አንድ መስመር በእጅዎ ይጻፉልኝ። አንድ መስመር ይበቃኛል።

ሌላው፣ ከይረዲን ለጥር 17 ሠርግዎ የሚሆን የጠረጴዛ ጨርቅና ብርጭቆ ከዚህ ሊጭን መታዘዙን ነገረኝ። የማውቅ መስሎት ነው፤ ፊቴን ሲያይ ደነገጠ። ጫላቸውን ጠየቅሁት፤ እሱ ለካ ከጥቅምት ጀምሮ ያውቃል። እንኳን ደስ ያለዎት። ሙሽራው አቶ ኃይለሚካኤል ጥሩ ሰው ናቸው አሉ። ለዚህ ነው እማማ ቆመው እንዲመጡ የፈለጉት፤ አሁን ገባኝ። ምን ዓይነት ልብስ ነው የምንለብሰው? እኔም ከማዳም ፈቃድ መጠየቅ ስላለብኝ ነው።

አክባሪዎ እንቁ


ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

እንቁ፣

ሦስት ቴምር። ሦስት ቴምር! በጾም፣ ሁለት ክኒን በዋጠችበት ቀን። ዘጠኝ ዓመት ያወረድኩትን በአንድ ከሰዓት አወጣችሁት። ተነሥታ ጮኸችብሽ? እንዴት አትነሣ! የፈለገችውን አገኘቻ። ወድቃ ቴምር ያገኘች ሴት ነገም ትወድቃለች።

የጠየቅሽውን መስመር አልጽፍልሽም። የምጽፍልሽ ሌላ ነው፤ ግድግዳ ላይ ለጥፊው። ብትንቀጠቀጥ፣ ብታለቅስ፣ በእግዚአብሔር ስም ብትለምንሽ ከእጅሽ ጣፋጭ እንዳትሰጫት። ቦንቱ ያልሻት ሴት ደጃፍሽን እንዳትረግጥ። ከሰጠሻት፣ እናቴን የገደልሽው አንቺ ነሽ፤ እስከ መቃብሬ እንዲህ ነው የምናገረው። ለጫላቸውም እነግረዋለሁ። ወንድሜ ከቃሌ ወጥቶ አያውቅም። ሰባት ዓመት ልጅ ላልወለደችለት ሴት ብሎ ዛሬ አይጀምርም።

ሠርጉን በተመለከተ ልብስ አትምረጪ። የተጠራው ጫላቸው ነው፤ እማዬን ይዞ ብቻውን ይመጣል። የኃይለሚካኤል ቤተሰቦች ትልልቅ ሰዎች ናቸው። የወንድምሽ ሚስት ምን ትሠራለች ብለው ሲጠይቁኝ የፈረንጅ ድስት ትፈትጋለች ልበላቸው? ልነግርሽ አልፈለግሁም ነበር፤ ከይረዲን አፉን አልዘጋም።

ክፉ ሆኜ እንዳይመስልሽ። በአርባ አንድ ዓመቴ ነው የማገባው። ሌሎች ሲዳሩ እኔ የእናቴን እግር ሳጥብ፣ ጣቷ መሐል ቁስል እንዳለ በመብራት ስፈልግ ነው ወጣትነቴ ያለቀው። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ጎኔ ቆማ ትታይልኝ። ከዚያ በኋላ የወደደችውን ትብላ።

ሰብለወርቅ


ጅቡቲ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሰብለወርቅ

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። እንደ ትእዛዝዎ ይሆናል።

ክኒኑ ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት ነው። ቦንቱ እንዳትመጣ ነግሬያታለሁ፤ ተቀይማለች። እማማ ደህና ናቸው። የምጠይቅዎት ሌላ ነገር የለኝም።

መልካም በዓል።

እንቁ


ድሬዳዋ፣ ጥር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

እንቁ፣

ጫላቸው ደውሎ ነገረኝ። ነገረኝ ማለት ይከብዳል፤ «እማዬ ሆስፒታል ናት፣ ዓይኗን ገልጣለች፣ ሰው ግን አትለይም» ብሎ ዘጋው። መልሼ ስደውል አያነሣም። ያንቺንም ቁጥር ከፍቼ ደወልኩ። አንቺም አታነሺም። ስለዚህ ይኸው እንደገና ወረቀት።

የሆነውን ሁሉ ጻፊልኝ። በስንት ሰዓት ጀመራት? ምን በልታ ነበር? ስንት ጊዜ ቆየች?

ሐኪሞቹ ክኒኑን ማን እንዲህ አዘዘ ብለው ከጠየቁሽ ራሷ አሳስታ ነው የዋጠችው በይ። የሥራ ፈቃዴን ሊነጥቁኝ ይችላሉ፤ ይህን ታውቂያለሽ። ደብዳቤዎቼን አቃጥያቸው። የምለምንሽ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ሠርጉን ማዘግየት አልቻልኩም፤ ሰው ተጠርቷል፣ አዳራሹም ተይዟል። ከኃይለሚካኤል ጋር ተነጋግረናል። እማዬ በዚህ ሁኔታዋ ባትመጣ ይሻላል። ለራሷም ድካም ነው፣ እንግዳም ያያታል። ከሠርጉ በኋላም ቢሆን የኃይለሚካኤል ቤት ፎቅ ነው፤ ደረጃ አለው። እስቲ እናስብበታለን።

አንድ ነገር ግን ሳትሸፍኚ መልሽልኝ። እንቅልፍ የነሣኝ እሱ ነው። ያን ቀን ስኳሯ መውረዱን አውቀሽ ነበር?

ሰብለወርቅ


ጅቡቲ፣ ጥር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሰብለወርቅ

አዎ። አውቅ ነበር።

ሁሉንም ጻፊ ብለሻል፤ እጽፍልሻለሁ። «እርስዎ» ማለት ስለተውኩ አትቆጪ፤ እጄ እምቢ አለኝ።

የገና ጠዋት ነው። ጫላቸው በዋዜማው ወደብ ገብቶ አልተመለሰም፤ መርከብ እያራገፉ ነበር። እማማን ነጭ ልብሳቸውን አለበስኳቸው፤ ፀጉራቸውን አበጠርኩ። ሁለቱን ክኒን ዋጡ። እንደ ትእዛዝሽ ዳቦ የሌለው ጎመንና የተቀቀለ እንቁላል አቀረብኩላቸው። «ጾም ተፈትቶ አገሩ ሁሉ ዶሮ ሲበላ እኔ ሣር ልጋጥ?» ብለው ሳህኑን ገፉት። ሌላ ቀን ቢሆን አባብላቸው ነበር። የዚያን ቀን ሳህኑን አንሥቼ አጠብኩት።

አራት ሰዓት ሲሆን ላቡ ጀመራቸው። ፊት ለፊታቸው በርጩማ ላይ ተቀምጫለሁ። የስኳሩ ጣሳ መደርደሪያው ላይ ነው፤ እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። ግድግዳው ላይ የለጠፍኩትን ወረቀትሽን አየሁ። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ነጠላቸውን መያዝ አቃታቸው።

«እንቁ» አሉኝ።

ሰባት ዓመት በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። ፊት ለፊት «አንቺ» ነኝ፤ ለሰው ሲያወሩ «ያቺ»።

«እንቁ፣ ትንሽ ስኳር። በሞቴ።»

«እትዬ ሰብለወርቅ ከልክለዋል» አልኳቸው።

«እሷ ምን ታውቃለች፣ ልጅ ናት» አሉ። ከዚያ በኋላ ቃሉ አልወጣ አላቸው፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ቦንቱ ተቀይማም የገና ሳህን ይዛ መጥታ በሩን መታች። ሙስሊም ናት፤ ግን በበዓላችን ትመጣለች። «እማማስ?» አለች። «ተኝተዋል» አልኳት፤ በሩን ግን አልከፈትኩም። እግሯ ሲርቅ ሰማሁት።

ምን እያሰብኩ እንደነበር አልደብቅሽም። አንቺን ነበር የማስበው። «የታዘዝኩትን ፈጸምኩ፣ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም» ብዬ የምጽፍበትን ሰዓት፣ ያንን ስታነቢ ፊትሽ የሚሆነውን። ደስ ብሎኝ ነበር። ለንስሐ አባቴም እንዲሁ ነው የተናገርኩት። እማማን የጠላሁ አልመሰለኝም። ያን ሁሉ ጊዜ ፊት ለፊቴ የነበሩት እሳቸው መሆናቸውን ረስቼው ነበር።

ስድስት ሰዓት ሲሆን መንቀጥቀጡ ቆመ። አንቺ ይተዋታል ያልሽው መሰለኝ። ከዚያ ግን ሳያቸው ዓይናቸው ተገልጦ የትም አያይም። ያን ጊዜ ነው ደስታው ጥሎኝ የጠፋው። ጣሳውን ገለበጥኩት፣ ስኳሩን በጣቴ አፋቸው ውስጥ ሞላሁት። መዋጥ አልቻሉም፤ በአገጫቸው ላይ ይፈሳል። በሩን በርግጄ ቦንቱን ጠራሁ። ገብታ አየቻቸው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። እስከ ዛሬ አላናገረችኝም። በታክሲ ወሰድናቸው።

ሁለት ቀን ሙሉ አልነቁም። ሐኪሙ አእምሯቸው ለረጅም ሰዓት ስኳር አጥቶ ቆይቷል አለ። ቀኝ እጃቸው አይሠራም። ሰው አይለዩም፣ ቀን አይለዩም፤ ይሄ ይመለሳል ብላችሁ አትጠብቁ አለን። ክኒኑን ማን አዘዘ ብሎ ጠየቀ። ስምሽን ነገርኩት። በሩን ማን ዘጋ ብሎ አልጠየቀም፤ ያንንም ግን ነገርኩት።

ደብዳቤዎችሽን አላቃጠልኩም። ለጫላቸው ሰጠሁት። ሆስፒታሉ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አንድ በአንድ አነበባቸው። አጥፎ ኪሱ ከተታቸውና «ለካ ሁለታችሁም ሰው አይደላችሁም» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወደብ ነው የሚያድረው። በቀን አንድ ጊዜ መጥቶ እናቱ አጠገብ ይቀመጣል፤ በእኔ በኩል ዓይኑን አያዞርም። ወደ ሠርግሽ አይመጣም። ንገሪያት ያለኝ ይህን ብቻ ነው።

እማማ ከትናንት በስቲያ ወደ ቤት ተመልሰዋል። እንግዳ ያያታል ብለሽ አትጨነቂ፤ የትም አልልካቸውም። ደረጃም የለንም። የሄሮኑን ሥራ ትቻለሁ። አጥባቸዋለሁ፣ አገላብጣቸዋለሁ፣ በየሦስት ሰዓቱ ጥቂት በጥቂት ላጎርሳቸው እሞክራለሁ። ክኒኑን ሐኪሙ አስቁሞታል። ቅር ካለሽ መጥተሽ ውሰጂያቸው። እንደማትመጪ ግን ሁለታችንም እናውቃለን።

ያስቸገረኝ ምግቡ ነበር። ማንኪያውን ሳስጠጋ በፍርሃት ያዩኛል። «ማነሽ?» ይላሉ። «እንቁ ነኝ» ስላቸው ጥርሳቸውን ገጥመው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ስሜን የት እንደሰሙት አያስታውሱም፤ መፍራቱ ብቻ ቀርቷቸዋል። አንድ ቀን ተኩል ምንም አልቀመሱም። ሐኪሙ ካልበሉ ተመልሰው ይወድቃሉ ብሎኛል።

ዛሬ ጠዋት እንደገና «ማነሽ?» አሉኝ።

«ሰብለወርቅ ነኝ» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። በደህናው እጃቸው ጉንጬን ዳሰሱት። «መጣሽልኝ ልጄ?» ብለው አለቀሱ። ከዚያ በሩን አየት አድርገው፣ ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«ያቺ ሴትዮ ሄደች?»

«ሄዳለች» አልኳቸው። አፋቸውን ከፈቱልኝ፤ ሾርባውን ጨረሱት።

እንቁ